የልጄ ባሕር በመርሳ

መርሳ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለቤዛዊት፣ ዱባይ

ቤዛዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኔ ጉልበቴ አልፎ አልፎ አልታዘዝ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ፤ ለእሱም ፊት አልሰጠሁትም። በመሠረተ ትምህርት የተማረ እጅ ነውና ፊደሉ ቢወላገድ ታገሺኝ። በድምፅ ይላኩልኝ ብለሽ ነበር። ስልክ ላይ ስናገር ግማሹን እረሳዋለሁ፤ ወረቀት ይሻለኛል። ጓደኛሽ ሊያ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደዚያ ስትመለስ ይዛልሽ ትመጣለች።

የላክሽው ሁሉ በደህና ደርሷል። መብራቱም፣ ፓምፑም፣ የውሃ ማጣሪያውም፣ የጨው መለኪያውም፣ ባትሪውም፣ ጨውም በከረጢቱ እንዳለ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሰው ልጅ ለአባቱ ጋቢ ይልካል፤ የኔ ልጅ ባሕር ላከችልኝ እያልኩ መርሳን አዳርሻለሁ።

ነገሩን የጀመርኩት እኔው ነኝ መቼም። የሥራ ውልሽ ሚያዝያ ላይ እንደሚያልቅ ነግረሽኝ፣ ላድሰው ወይስ አገሬ ልግባ ስትይ፣ በየሰዉ ቤት እየዞርሽ በመስታወት ገንዳ ውስጥ የምትንከባከቢያቸው ኮራሎች፣ እነዚያ ድንጋይ መስለው ነፍስ ያላቸው የባሕር ፍጥረቶች፣ ሆድሽን እንደሚያባቡት አወራሽኝ። "መርሳ ላይ ይሄ የት አለ አባዬ?" አልሽ። እኔም "እንሠራዋለና" አልኩ። ሳቅሽብኝ። አባትሽ ግን አንዴ ካለ አለ ነው።

የመስታወት ገንዳውን ትንሽ ይሁን ባልሽው ልክ ወልድያ ላይ ዓለምነህ ሠራልኝ፤ መስኮትና የዳቦ ማሳያ የሚሠራው ሰውዬ። በሚኒባስ ጭኔ ላይ አቅፌው መጣሁ። ሲሪንቃ ላይ የተሳፈረች ሴት ዳቦ ሊነግዱ ነው ወይ ብትለኝ፣ አይደለም፣ የልጄ ባሕር ነው አልኳት። ከዚያ ወዲያ ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

መቆሚያውን ጎረቤታችን ኡበይደላ በየደልኝ። ይሄ ለዓሣ ነው ወይስ በሬ ሊታሰርበት እያለ ሲቀልድብኝ ሰነበተ። የውሃውን ክብደት ስነግረው ግን ቀልዱን ትቶ ብረት ጨመረበት። ሚስቱ አሲያ ደግሞ ወይራ ይዛ መጣች።

"አያ ፈንታው፣ አዲስ ዕቃ ሳይታጠን ውሃ ይገባበታል እንዴ? ነውር አይደለም?"

እውነቷን ነው አልኩ። እናትሽስ መቼ ሳታጥን ዕቃ ሞልታ ታውቃለች? አንቺም ሳሙና እንዳይነካው አልሽ እንጂ ስለ ወይራ ያልሽው የለም። ፍሙን በገል አድርገን ውስጡ አስቀመጥንና ከላይ ከደንነው። ጥቂት ቆይቶ ቋ! አለ። የታችኛው መስታወት ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። አሲያ አፏን ይዛ ደርቃ ቀረች። እኔን ሳቅ ያዘኝ። እናትሽ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም። አሲያም ፊቴን አየት አደረገችና ሳቋን ለቀቀችው፤ ኡበይደላ ምን መጣ ብሎ ከበድ ያለ መዶሻውን እንደያዘ ሮጦ መጣ።

ዓለምነህ ሌላ ሠራልን፤ ይሄኛውን ኡበይደላ ራሱ ሄዶ አመጣው፣ እኔን አላመነኝም። በንጹሕ ውሃ ብቻ ነው የታጠበው፤ አትስጊ። ደጅ ላይ ሞልተን አሳደርነው፤ ጠብ አላለም።

የቀረው ቦታው ነበር። ፀሐይ የማይመታው፣ ወለሉ የማይረግብ፣ ለሶኬት የቀረበ ብለሻል። ቤቱን ዞሬ ዞሬ ያገኘሁት አንድ ጥግ ነው፤ የእናትሽ ሳጥን ያለበት። አክስትሽ እሱን እናንሳው ብትለኝ ስንት ጊዜ እንዳኮረፍኳት ታውቂያለሽ። ባለፈው ማክሰኞ ማንም ሳይለኝ ራሴ ገፋሁት። አሁን አልጋዬ ራስጌ ነው። እናትሽ ሂሩት አትቀየመኝም፤ ላንቺ ነዋ።

ውሃውን አጣርቼ፣ ጨውሽን በባልዲ በጥብጬ፣ በመለኪያው እያየሁ ሞላሁት። ፓምፑ ያዞረዋል። መብራት ሲጠፋ ባትሪዋ ትነሳለች። ወደፊት የሚቀየረው ጨዋማ ውሃ ብርቱካኑን እንዳይገድልብኝ ከግቢው ጫፍ ጉድጓድ ቆፍሬለታለሁ። ውሃው ሳይበስል ነፍስ ያለው ነገር አይገባበትም ያልሽውም ገብቶኛል፤ እንደ ጠላ ጥንስስ ነው። ጥንስስ የሚሆነውን ድንጋይና ኮራሉን ግን "በእጄ ይዤ ካልመጣሁ ማንንም አላምንም" ብለሻል። ይሁን። አደራ ለሰው አለመስጠትን ከኔ ነው የወረስሽው።

ትናንት ከሰዓት ወንበሬን አስጠግቼ ስመለከት አሲያ ገባች። "አያ፣ ዓሣ የለ፣ ኮራል የለ፤ ምኑን ነው የሚያዩት?" አለችኝ። ውሃውን አልኳት። ዱካ ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ብዙ ሰዓት አየነው።

ስለ ውሉ አድሺ አታድሺ አልልሽም፤ ኑሮው ያንቺ ነው። ስለ ላክሽልኝ፣ ስለ ሳቅሽብኝም፣ ይህን ሽማግሌ ሥራ ስላስያዝሽው አመሰግናለሁ። ጎረቤት እንኳ ያለ ምክንያት ይገባልኝ ጀምሯል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ፣ መልሱን በድምፅም ቢሆን ላኪልኝ፤ እሰማዋለሁ። ውሃው ኮራል ሳይገባበት፣ እንዲሁ ባዶውን እየዞረ፣ እስከ መቼ መቆየት ይችላል? የሚተነውን እኔ በየጠዋቱ እየሞላሁ ነው።

የእናትሽ አምላክ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን። እጅሽ የነካው ሁሉ ነፍስ ይዝራ።

አባትሽ ፈንታው