በልስን የቆመ ግድግዳ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው ወይ? የትንሿ ሳል ተሻላት? እኔ በቸርነቱ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ከሰው ጋር አላወዳድረው እንጂ ያስኬደኛል።

ደህና ነኝ ማለቴ ግን ለሰላምታው ያህል ነው። ልጄ፣ ፈርቻለሁ። በቀደም ስልክ የደወልኩልሽ ይህንኑ ልነግርሽ ነበር፤ ስለ ልጆቹ ትምህርት ጠየቅሁሽና ዘጋሁት። ከአፌ እምቢ ያለው ከእጄ ይወጣ እንደሆነ ብዬ ወረቀት አነሳሁ።

እናትሽ ያረፈችበትን መኝታ ቤት ታውቂዋለሽ። የኋላ ግድግዳው ከጎረቤታችን ከአዋላጇ ግቢ ጋር ያዋስነናል፤ ከግድግዳው ወዲያ ያ የጎማ ዛፋቸው አለ። አንቺ ስታገቢ ጣሪያችንን አላለፈም ነበር። አሁን ሥሩ መሠረታችንን ሰርስሮ ገብቷል። መጀመሪያ የወለሉ ሲሚንቶ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ቀጥሎ በሩ አልዘጋ አለኝ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ለጸሎት በምቆምበት ማዕዘን፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ስንጥቅ ወጣ። ዓይኔን ጨፍኜ የምጸልየው ሰውዬ መጨፈን ፈራሁ። ከንፈሬ በአንተ እታመናለሁ ይላል፤ ጆሮዬ ግን ግድግዳውን ያዳምጣል። ይሄ እምነት ነው? ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱ ደስ አላለኝም።

ለአዋላጇ መንገር ነበረብኝ። ሄድኩ። ስለ ደም ግፊታቸው ጠየቅኋቸው፣ ስለ ዝናቡ አወጋን፣ ተመለስኩ። ሌላም ቀን እንደዚያው። አንቺን ከእናትሽ ማህፀን የተቀበሉ፣ እናትሽ በታመመች ጊዜ ትራሷን ያገላበጡ ሰው፣ ሟች ባላቸው የተከለውን ዛፍ እንዴት ቁረጡልኝ ይባላሉ? ስለዚህ ሲሚንቶ በጠበጥኩና ስንጥቁን ራሴ ለሰንኩት። ልብስ ሰፊ አይደለሁ? ቀዳዳ ካየሁ እጄ አያርፍም።

ልስኑ ተሰነጠቀ። ደግሜ ለሰንኩ። በመጨረሻ ስንጥቁ እጄን ሲያስገባ ግንበኛ ጠራሁ። እሱም ግድግዳውን በመዶሻው ጫፍ ኳ ኳ አደረገና ፊቱ ተለወጠ፤ ውስጡ ባዶ ነው አለኝ። የኔን ልስን ሲያነሳው እንደ ክንዴ የወፈረ ሥር ጡቡን ፈጭቶ ቦታውን ይዟል። ከሥሩ ወዲያ ደግሞ ሌላ ልስን አለ፤ ከውጭ በኩል የተለሰነ፣ ኖራ የተቀባ። ይሄኛውን ማን ለሰነው ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምን አውቄ!

አዋላጇን ጠራናቸው። የሻርፓቸውን ጫፍ እየጠመዘዙ አመኑ። ስንጥቁን በእሳቸው በኩል ካዩት ቆይተዋል። ዛፉን ጠልቼ እሳቸውንም እንዳልጠላ ፈርተው፣ ሰው ሳያይ እየለሰኑ ኖረዋል። ለካ እኔ ከውስጥ እሳቸው ከውጭ፣ አንዱን ቁስል ነው ስንሸፍን የከረምነው! ግንበኛው ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ አባባ፣ ይሄ ቤት የቆመው በጡብ አይደለም፣ በይሉኝታ ነው አለኝ። እኛም ሳቅን። ከዚያ እሱ መሳቁን ተወና እውነቱን ነገረን።

አሁን ግድግዳውን የያዘው ያው ሥሩ ነው። ቢቆረጥ ግድግዳው ወደ እኔ ይናዳል። ዛፉም አፈሩ ረጥቦበት ወደ እሳቸው ጣሪያ አዘንብሏል። ዛፍ ቆራጮች መጥተው ከጫፉ እየቀነሱ እስኪያወርዱት፣ እኔም ከግድግዳው ጥግ፣ እሳቸውም ከዛፉ በታች መተኛት የለብንም። ቆራጮቹ ደግሞ ዝናቡ ካላባራ አንወጣበትም ብለዋል። ይቆረጥ ብለው የወሰኑት እሳቸው ናቸው። ባሌ ዛፍ ተከለ እንጂ የሰው መቃብር አልቆፈረም አሉ።

እኔ አልጋዬንና የስፌት መኪናዬን ወደ ሳሎን አወጣሁ። እሳቸው ግን ያላቸው ያቺው አንዲት ክፍል ናት፤ ቅርንጫፉ በላይዋ ነው። በፊት ለፊት ያለችው ያንቺ ክፍል ባዶ ናት፤ ግንበኛውም መታ መታ አድርጎ ጤነኛ ናት ብሏታል። እዚያ ይግቡ አልኳቸው። ዛፉ እስኪወርድ ነው? ብለው ጠየቁኝ።

ልጄ፣ አዎ ማለት ቀላል ነበር። አላልኩም። እሳቸውም ያላልኩት ገባቸውና፣ መጀመሪያ ልጅዎ ትወቅ፤ እሷ ሳትፈቅድ የእናቷን ደጃፍ አልረግጥም አሉኝ።

እናትሽን በጸሎቴ አንድም ቀን ዘንግቻት አላውቅም፤ ወደፊትም አልዘነጋት። ከዚህ በላይ ልጽፍ አፈርኩ። አባት ለልጁ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት እንደሚጽፍ ያስተማረኝ የለም።

ይህን የሚያደርስልሽ ሹፌር ነገ ይመለሳል። በስልክ ልሰማው አፍራለሁና መልስሽን በእሱ፣ በቃልም ቢሆን ላኪልኝ። እስኪመጣ ድረስ እሳቸው እዚያው ዛፉ ሥር ነው የሚያድሩት፤ ብለምንም እሺ አላሉኝ። ይህን ስጽፍልሽ ንፋስ ተነስቷል፤ ቅርንጫፉ ቆርቆሯቸውን ሲፍቀው እዚህ ድረስ ይሰማኛል። እምቢ ብትዪም አልቀየምሽም፤ ብቻ ፈጥነሽ በዪው።

እግዚአብሔር ከድንገተኛ ነገር ይሰውርሽ። ልጆችሽን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ከባልሽ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያስረጅሽ።

አባትሽ