ያልመረረው ወተት

ጥቅምት ፳፱

ወተቱ አልመረረም! ተመስገን ጌታዬ፤ ሰላምታውም ምኑም ይቆየኝ።

አምና ቅንጨ አረም የከለልነውን የጋራ ግጦሽ ውጦት፣ ላሜም እሱኑ በልታ ወተቷ እንደ እሬት መሮ ነበር። ካበበ በኋላ ነቅለን አጥሩ ላይ ብንከምረው ነፋሱ ዘሩን መልሶ በተነልን። ሽማግሌዎቹም "ዘንድሮ ሣሩ ካልተመለሰ ግጦሹ ለፍየል ይለቀቅ" አሉ። እኛ ሴቶች ታዲያ ክረምቱን እጃችንን በፌስታል እየጠቀለልን ሳያብብ ነቀልነው፤ እያሳከከንም፣ እየተነጫነጭንም።

ዛሬ ያለብሁትን ለጎረቤቴ ለእማማ ጥሩ ወሰድሁላቸው። አምና ቀምሰው "አንቺ ልጅ፣ ላምሽ ተቀይማሻለች እንዴ?" ብለው የተፉት እሳቸው ናቸው። ሽማግሌዎቹም የሚያምኑት የእሳቸውን ምላስ ነው።

"እንዴት ነው እማማ?" አልሁ።

"ቆይ እስቲ፣ ገና አልለየልኝም" ብለው ኩባያውን ገለበጡት። ከዚያ ኩባያውን ወደ እኔ ዘርግተው፣ "ድገሚኝ። ለሽማግሌዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ግጦሹማ አይነካም" አሉ።

ከአጥሩ ጥግ ጥቂት አረም ዛሬም አይቻለሁ፤ ነገ እነቅለዋለሁ። ወተቱ ግን ጾም ሳይገባ መጠጣት አለበት። የነቀለውም፣ ቆሞ ያሾፈብንም፣ ሁሉም ለኅዳር ሚካኤል እኔ ቤት ይምጣ!