የታች ሰዎች

ማክሰኞ፣ መስከረም 20

ካርድ ክፍሉ ዛሬ እንደ ጉድ ተጨናንቆ ዋለ። ጉንፋን፣ ጉንፋን፣ አሁንም ጉንፋን። አብራኝ የምትሠራው ሙቢና «አሰላ በሙሉ እየሳለች ነው» ትላለች። የአንድ ሽማግሌ ካርድ ጠፍቶብኝ ሰደቡኝ። እውነታቸውን ነው። ያለ ቦታው ከትቼው ነበር።

ራት በልተን ያንን ጌም ተጫወትን። አስናቀ ነው ስልኩ ላይ የጫነው... በአርባ ዓመታችን! ከመሬት በታች ባለ ሰባት ፎቅ አገር አለ። ፋኖስ ይዘሽ ትወርጃለሽ። እዚያ የሚኖሩት ዓይን የላቸውም። የወደቀ ሰው ሲያገኙ ይወስዱታል። ቤት ይሰጡታል፣ ሥራ ይሰጡታል፣ ቀስ በቀስ ስሙን ይረሳል። ዘመድ ሊያወጣው ከወረደ ደግሞ ሁለቱም እዚያው ይቀራሉ። የእንግሊዝኛ ስማቸው ረጅም ነው። እኛ «የታች ሰዎች» እንላቸዋለን። ካልሲ ሲጠፋ፣ ጨው ሲያልቅ... «የታች ሰዎች ወስደውት ነው» መባባል ለምዶብናል።

«ዘሩ፣ እንዲህ ያለ አገር በእውነት ሊኖር አይችልም?» አለኝ።

«ሥራ ፈት!»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን ምን አስጠየቀው?

ቅዳሜ፣ መስከረም 24

አስናቀ ትናንት ለሥራ ወደ ኦጎልቾ በኩል ወርዶ ነበር። ቀያሽ ባል ማግባት እንዲህ ነው፣ መሬት በተነካ ቁጥር ይጠሩታል። ከዲሮ የሚባል ገበሬ ማሳ መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል። የክረምቱ ውሃ ነው አሉ። ፎቶ አሳየኝ። በቆሎው ግራና ቀኝ ቆሟል፣ መሃሉ ጥቁር ነው።

«ድንጋይ ወረወርኩበት። ሲያርፍ አልሰማሁም።»

ፎቶውን አጉልቼ አየሁት።

«ለብ ያለ አየር ይወጣል፣ ዘሩ። እንደ ትንፋሽ።»

ይህን ሲለኝ ዓይኑ በርቷል። እኔ ግን ፎቶውን ዘግቼ ስልኩን መለስኩለት።

ለሙቢና ነገርኳት። «ጂኒ ታዲያ የት የሚኖር መስሎሻል? ቢስሚላሂ ሳትዪ ጉድጓድ አጠገብ እንዳትደርሺ» አለችኝ፣ ሻይዋን እየጠጣች። የንስሐ አባቴን ብጠይቅ ደግሞ ሲኦልን ይነግሩኛል። እንግዲህ ከታች የሆነ ነገር መኖሩን ሁሉም ተስማምተዋል ማለት ነው? በሩ የት እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝም። ጌሙ በሩን ስሎታል... ቁርጥ የከዲሮን ማሳ።

ሰኞ፣ መስከረም 26

ጌሙን አጠፋሁት። ራት ላይ መልሶ ጫነው። «ፈራሽ እንዴ?» አለኝ። አልፈራሁም አልኩ። ውሸቴን ነው።

ማክሰኞ፣ መስከረም 27

ስንጥቁን ሊለካ ሄደ። «ዳር ላይ እንዳትቆም» አልኩት። «እሺ እመቤቴ!» እያለ፣ እያሾፈ ባጃጁ ውስጥ ገባ። ዝናብ ከያዘው ከዲሮ ቤት ያድራል። የከዲሮን ስልክ ካላንደሩ ላይ ጽፎልኛል።

ከሰዓት ጀምሮ ስልኩ አይሠራም። ዝናብ ነው። ኔትወርክ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

ረቡዕ፣ መስከረም 28

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለከዲሮ ደወልኩ። ድምፁ ይቆራረጣል። አማርኛው ደግሞ የእኔን ኦሮምኛ ያህል ነው።

«የአስናቀ ሚስት ነኝ። የት ነው ያለው?»

«እህቴ... አይዞሽ። መሬት ተናደ። ገባ። ውስጥ ገባ።»

«አሁንስ? አሁን የት ነው?»

«አሁን እኛ ጋ የለም። የታች ሰዎች ወሰዱት።»

ተቋረጠ። ደግሜ ደወልኩ፣ ደጋግሜ ደወልኩ... የለም።

የታች ሰዎች? ይህን ስም ማን ነገረው? የእኔና የአስናቀ ቃል ነው እኮ!

በሩን ቆለፍኩ። አልጋው ላይ ወጥቼ እግሬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። ወለሉን መርገጥ ፈራሁ። ሲሚንቶ ነው፣ አውቃለሁ... ከሲሚንቶው በታችስ?

ስድስት ሰዓት ሆነ። አሁንም አልጋው ላይ ነኝ። ተነሺ፣ ሂጂ፣ ጎረቤት ጥሪ እላለሁ። ዘመድ ከወረደ ሁለቱም ይቀራሉ። ጌም ነው! የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ጌም መሆኑ አይጠፋኝም። ታዲያ እግሬ ለምን እምቢ አለኝ? እመብርሃን፣ ምን ነክቶኝ ነው?

አሁን ስሙን ረስቶ ይሆን? የእኔንስ?

ሐሙስ፣ መስከረም 29፣ ኦጎልቾ

ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሙቢና መጣች። ከሥራ ብቀርባት ጊዜ ታምማ ይሆናል ብላ ነው። በሩን ስትደበድብ እነሱ መስለውኝ ነበር። በስሜ ስትጠራኝ ነው የከፈትኩት። ከዲሮ ያለኝን ቃል በቃል ነገርኳት። ትክ ብላ አየችኝ።

«አንቺ... ታች ማለት እኮ ቆላው ነው። በኦሮምኛ ወራ ገዲ ማለቱ ነው! ከእሱ መንደር በታች ያሉትን ሰዎች! እኛም ለእነሱ የላይ ሰዎች ነን።»

ሦስት ዓመት አሰላ ተቀምጬ! ቆላ የሚወርድ ሁሉ «ታች ልሄድ ነው» ሲል በየቀኑ እየሰማሁ!

ራሷ በኦሮምኛ ደወለች። አምስት ጊዜ ሞክራ ከዲሮን አገኘችው። አስናቀን ማክሰኞውኑ ሳይመሽ አውጥተውታል። የታችኛው መንደር ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው እዚህ ጤና ጣቢያ አደረሱት። ስልኩ እዚያው ገደል ቀርቷል።

ሽንኩርት ሊጭን በሚወርድ አይሱዙ መጣን። አለ። እግሩ ተሰብሯል፣ ፊቱ አባብጧል፣ ግን አለ። ሳየው አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ።

ዛሬ ጠዋት፣ «ከዲሮ ትናንት በጠዋት ነግሬያታለሁ አለኝ። ቀኑን ሙሉ በር በር ሳይ ዋልኩ» አለኝ።

«መኪና አጥቼ ነው» አልኩት።

አመነኝ። ማመኑ ባሰብኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ዶክተሩ ሁለት ወር ጄሶ አለ። አስናቀ በሰው ፊት «ዘሩ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» ይላል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ... ደግሞ ይህን እጽፋለሁ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ቤት ከገባን አራተኛ ቀናችን። አዲስ ስልክ ገዛንለት፣ ጌሙን አልጫነውም።

ዛሬ ስለዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አወራኝ። ምንም የለም አለ። ጭቃ። የበቆሎ ሥር። አንገቱ ላይ የሚወርድ አፈር። ከዚያ ሰው ወረደለት። አክመል የሚባሉ፣ ስድሳ ያለፋቸው ሰውዬ ናቸው። የበሬ ገመድ ወገባቸው ላይ አስረው፣ ዳሩ እየተናደ ወረዱ። ሚስታቸው ከላይ ሆና እየጮኸች ትለምናቸው ነበር አለ። ስሙን እንኳ የጠየቁት ካወጡት በኋላ ነው።

«ለማያውቁት ሰው፣ ዘሩ። ለማያውቁት ሰው!»

መቻል አቃተኝ። ነገርኩት። መኪና አለማጣቴን፣ አልጋው ላይ መዋሌን፣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ እግሬን አለማውረዴን... ሁሉንም።

መጀመሪያ ሳቀ። «የታች ሰዎች!» አለና እንባው እስኪመጣ ሳቀ፣ የሚያመውን ጎኑን ይዞ። እኔም ተገላገልኩ ብዬ አብሬው ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ጄሶውን በጥፍሩ ይፍቃል።

«እውነት ቢሆን ኖሮስ?» አለኝ። «የእውነት እነሱ ቢሆኑ ኖሮ... ትመጪ ነበር?»

እመጣ ነበር ለማለት ምን ይጠይቃል? ልናገረው ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይኔን ዓይኔን ሲያየኝ ግን...

ወጥ ጥጄ ረሳሁ ብዬ ወጣሁ። የተጣደ ነገር አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ማድቤት ቆሜ ነው። እስካሁን አልጠራኝም።