የመጀመሪያዋ ቁራሽ

ውድ ራዲል፣

«ውድ» ማለቱ ራሱ እየተናነቀኝ ነው። ለታታሮቹ መያዣ ሆነህ ከሄድክ ወዲህ፣ እዚህ ዳኑብ ዳር ባለው ምሽጋችን ካንተ ስም ሌላ የሚጠራ የለም። አባባ አልጋ ከያዙ ወዲህማ ባሰ፤ ውሃ የማጠጣቸው እኔ፣ «ተባረክ ራዲልዬ» የሚባለው አንተ።

ያን ቀን መቼም አትረሳውም። የታታሩ መልእክተኛ፣ «እናንተ ቡልጋሮች ግብር እንዳታቋርጡብን፣ አባት ከሁሉ የሚሳሳለትን ልጅ መያዣ ስጡን» አለ። አባባ አንተን ለማትረፍ እኔን ጓዳ አስገብተው፣ «ቮይሲል፣ ለዛሬ የምሳሳልህ አንተ ነህ» አሉኝ። የራሳቸውን የፀጉር ካባ ደርበውልኝ በቀኛቸው አስቀመጡኝ። እዚያ የሄደ አይመለስም ቢባልም ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን እዋሽሃለሁ።

ማዕድ ቀረበ። በቤታችን ወግ የመጀመሪያዋን ቁራሽ ዳቦ ጨው አስነክቶ የሚሰጠው አባት ነው። አባባ ቆረሱና እጃቸው እኔን አልፎ አንተ ጋ ሄደ። ልማድ ሆኖባቸው ነው፤ ለራሳቸውም አልታወቃቸውም። አንተም እንደወትሮው ጎረስካት። መልእክተኛው ጢሙን ጠረገና፣ «ያኛውን ነው የምንወስደው» አለ። ሁላችሁም ስትላቀሱ እኔ ካባውን አውልቄ አጠፍኩት።

ይኸውልህ፣ ትናንት ደግሞ የሃንጋሪ ንጉሥ ሰው መጣ። «ታታሮቹን ከድተው ወደ እኛ ይዙሩ፤ ምሽጉም ከወንዙ ማዶ ያለው አገርም የእርስዎ ይሆናል» አለኝ። አባባ ስለማይችሉ የዚህ ቤት ቃል አሁን የኔ ነው። እሺ ካልኩ አንገትህ እንደሚቀላ ሁለታችንም እናውቃለን። ያ ሁሉ አገር፣ ራዲል! አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈልገው።

«አይሆንም» አልኩት።

«ወንድምዎን ይህን ያህል ይወዱታል?»

«እሱን? ዓይኑን አያሳየኝ።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። አልቀለድኩም። ብትሞት እኮ አለቀልኝ፤ ከሙት ጋር ማን ተፎካክሮ ያሸንፋል? አባባ ዕድሜ ልካቸውን ሲያለቅሱልህ፣ እኔ የተዝካርህን ድግስ ሳሰናዳ ልኖር ነው። ስለዚህ ግብሩን እልካለሁ። አንተም ብላ፣ ጠጣ፣ ወፍር፣ ራስህ ይመለጥ፣ ነጭናጫ ሆነህ ተመለስ። እሳቸውንም እስክትመጣ በሾርባም ቢሆን አቆያቸዋለሁ። ሁለታችንን ጎን ለጎን አቁመው፣ አንዴ በደንብ ይዩን።

እስከዚያ እንዳትሞትብኝ።

ታላቅህ
ቮይሲል