የሸክላ ሠሪዋ ጣቶች

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት

ከተረኝነት አሁን ወጣሁ። ወ/ሮ አስካለ እንዳሉ ናቸው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ። የኩላሊታቸው ኢንፌክሽን ወደ ደም ገብቶ ግፊታቸውን ጥሎታል። ኖርአድሬናሊን ብንጨምር ብንጨምር አልይዝ አለ። ይባስ ብሎ የጣቶቻቸው ጫፍ እየጠቆረ ነው፤ መድኃኒቱ ግፊት ሲያነሳ የዳር ዳሩን ደም ሥር ያጠብባል።

ልጃቸው ትዕግሥት ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። ሌላ መድኃኒት የለም ወይ፣ ዶክተር? የለም አልኳት። ዓይኗን ሳላይ።

ውሸቴን ነው፣ ማስታወሻዬ። ሜቲሊን ብሉ አለ። ሰማያዊ ቀለም የሚመስል የድሮ መድኃኒት፤ አሁን አሁን ሌላው እምቢ ሲል ለግፊት ይሞክሩታል። ማስረጃው ገና ነው። ግን ፋርማሲያችን ውስጥ ተቀምጧል። ባለፈው የጠዋት ስብሰባ ላይ ሳነሳው አለቃዬ ዶ/ር መስፍን፣ “ጨርቅ ልትነክሪ ነው እንዴ?” አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያንን ሳቅ ፈርቼ ነው ዛሬ ዝም ያልኩት። አንድ ሰው እየሞተ!

ሰኞ፣ ከሰዓት

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እማዬ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ራስ ምታት አልኳት። ሌላ ውሸት። ዓይኔን ስጨፍን የሴትየዋ እጅ። በቃ፣ ተመልሼ እሄዳለሁ።

ሰኞ፣ 12 ሰዓት

ስለ ሜቲሊን ብሉው ነገርኩት። ዶ/ር መስፍን አልሳቀም። “ታዲያ ጠዋት ምን ዘጋሽ?” አለኝ። የአንተ ሳቅ ልለው አልደፈርኩም። ለትዕግሥት መድኃኒቱ ገና በሙከራ ላይ ያለ እንደሆነ አስረድተን፣ እንዳይጋጭ እናቷ የሚወስዱትን ሌላ መድኃኒት ጠይቀን ጀመርን። አሁን የተገኘ መሰላት፤ አላረምኳትም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ግፊታቸው ያዘ። ኖርአድሬናሊኑን እየቀነስን ነው። ሽንታቸው አረንጓዴ ሆኖ ነርሶቹ ሳቁ። መሳቅ አቃተኝ። ሰማያዊው ነው ያዳናቸው ወይስ አንቲባዮቲኩ? ማንም እርግጠኛ አይደለም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ወ/ሮ አስካለ ነቅተዋል። የአውራ ጣታቸውና የሌባ ጣታቸው ጫፍ ግን ይቆረጣል። ጣቶቻቸውን እያየሁ መሆኔ ገባቸው። “የሸክላውን አፍ የማለሰልሰው በነዚህ ነበር” አሉ። ከዚያ መረቁኝ። ነፍሴን አትርፈሽልኛል፣ ልጄ። ትዕግሥት ትከሻዬን ሳመችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!

በጠዋቱ ብናገር ጣቶቹ ይተርፉ ነበር? ምናልባት። ምናልባትም አይተርፉም። ያ ጠዋት ግን የእሳቸው ነበር፤ ለኩራቴ ሰጠሁት።

ትዕግሥት ኮሪደር ላይ ናት፣ ድምጿ ይሰማኛል። “የለም” ያልኳት ውሸት እንደነበር እነግራታለሁ። አሁኑኑ፣ ሌላ ምርቃት ሳትጨምርልኝ። ወጣሁ።