በራሴ ቃል መውረድ

ሰኞ፣ ኅዳር 4 ቀን 1999፣ ከሥራ መልስ

እግሬን ለብ ባለ ውኃ ነክሬ ነው የምጽፍብህ፣ ደብተሬ፤ ብትረጥብ እኔን አትውቀስ። ሜልበርን፣ ሰንሻይን ዌስት፣ መጋዘኑ ውስጥ፣ ዛሬም ደብል ሺፍት። ካርቶን ማንሳት፣ ካርቶን መደርደር። ሃምሳ ዓመት ለሞላው ሰው ፎርክሊፍት፣ ዕቃ ማንሻ መኪና፣ ይሰጡታል እንጂ! አልሰጡም። እኔም አልለመንኩም።

ሜሮን መጥታለች። ልጄ ካርልተን ሰፈር ከጓደኞቿ ጋር ነው የምትኖረው፤ ፎቶ ማንሳት ትማራለች። አፍንጫዋን ከተበሳች ወዲህ እናቷ ጆሮዋን እያየች ነው የምታናግራት። የትምህርት ቤት ሥራዬ ነው ብላ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ፎቶ ዘረጋች። አንድ ነጭ ጎረምሳ፣ የጀርባው ቆዳ ላይ መንጠቆ ተሰክቶ፣ በገመድ ከጣሪያ ተንጠልጥሏል። እግሩ መሬት አይነካም። ይስቃል።

ደሜ ፈላ። ማነው እንዲህ ያደረገው ብዬ ጮኽኩ። ማንም፤ ራሱ ፈልጎ ነው አለች። ሰው ወዶ ይሰቀላል? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ! ፖሊስ ይጠራ አልኩ። ሳቀችብኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛዋ ቀጠለች፦ የተሰቀለው ሰው «ዳውን» ካለ ወዲያው ያወርዱታል፤ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ሕጋቸው ነው።

እራት ቀረበ፤ አልበላሁም። ባለቤቴ አስቴር አመመህ እንዴ አለች። ደክሞኝ ነው አልኳት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6

ስለ ወፌ ላላ ጽፌብህ አላውቅም። ለሰውም ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ እጽፈዋለሁ፤ ቻለው።

በደርግ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ፣ ቀበሌ እስር ቤት። ገና ጎረምሳ ነኝ። እጅህን ከጉልበትህ በታች ያስሩትና በመሃል እንጨት ያሳልፋሉ። እንጨቱን በሁለት ጠረጴዛ መካከል ያጋድሙታል። ጭንቅላት ወደ ታች፣ ውስጥ እግር ወደ ላይ። ከዚያ ግርፋት። አውርዱኝ እላለሁ። ሌላ ቃል ጠፍቶኛል። አውርዱኝ! አውርዱኝ! ጩኸቴ ሲሰለቻቸው አፌ ውስጥ ጨርቅ ጠቀጠቁ። ቃሉ እዚያው ቀረ።

አስቴር ያኔ እጮኛዬ ነበረች። ስንቅ የምታመላልሰው እሷ ነበረች። ስፈታ በሰው ትከሻ ተደግፌ ስገባ አየች። አልጠየቀችኝም። አልነገርኳትም። ተጋባን፣ ሱዳን ገባን፣ ሜልበርን መጣን፣ ሴንት አልባንስ ቤት ተከራየን። እስከ ዛሬ አንድ ቃል የለም።

አሁን ስማኝ። አንድ ሰው ተሰቅሎ አውርዱኝ ሲል የሚያወርዱበት ቤት እዚሁ፣ ባቡር የሚደርስበት ቦታ አለ። ልሄድ ነው። ሰው ምን ይላል? የፈለገውን ይበል!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ሄድኩ። ሜሮን መራችኝ። ልታየው ነው ወይስ ልትሰቀል ብላ ስትቀልድ ልሰቀል አልኳት። ቀልዷን ትታ ቀድማኝ ወጣች።

የቤቱ ባለቤት ክሬግ ይባላል። ንቅሳቱ ከጣቱ ተነስቶ አንገቱ ድረስ ወጥቷል፤ የጆሮው ቀዳዳ አውራ ጣት ያሳልፋል። ወሮበላ ጠብቄ ነበር። ሰውዬው ግን እጁን ሲታጠብ ከጥርስ ሐኪሜ ይበልጣል። ስለ ደም ግፊቴ ጠየቀ፣ ስለምውጠው ኪኒን ጠየቀ። ከዚያ ለምን እንደፈለግኩ ጠየቀ። በቃ ፈለግኩ አልኩት። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። በዚያች ስብርባሪ እንግሊዝኛዬ ነገርኩት፤ እንጨቱን፣ ግርፋቱን፣ ጨርቁን። ሜ. አጠገቤ ናት። መታሰሬን እንጂ ይሄንን አታውቅም። ካሜራዋን ከቦርሳዋ አላወጣችም።

ክሬግ አይዞህም አላለኝ፣ አላዘነልኝም። ደስ አለኝ። ለመውረድ በየትኛው ቃል ትጠቀማለህ ነው ያለኝ። ዳውን ይበቃል አለ። አይበቃም! አልኩት። በአማርኛ ነው የምናገረው። ያኔ ያልሠራው ቃል ነው መሥራት ያለበት። «አውርዱኝ» በል አልኩት። ሞከረ። መጨረሻዋ «ኝ» ላይ ምላሱ ተሳሰረ። እንደገና አልኩት። እንደገና። ሜ. በሳቅ ሞተች። በመጨረሻ አላት፤ ጥርት አድርጎ አላት። ፀጉሬ ቆመ።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቡክ አደረግሁ። በባቡር ስንመለስ ሜ. እጄን ይዛ መጣች። ጥሩ ልጅ ናት፤ አፍንጫዋን እንደፈለገች ታድርገው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 16፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ተናድጃለሁ። አልሆነም!

ትናንት ጾም ገባ። ትልቅ ነገር የሚደረገው በባዶ ሆድ ነው፤ እኔ ያደግኩት እንዲያ ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመስኩም። ለቁርባን እንደሚሄድ ሰው ታጥቤ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ደረስኩ። ክሬግ ምን በላህ አለኝ። ምንም! አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ፊቱ ተለወጠ። አይሆንም አለ። ሳይበላ የሚሰቀል ሰው ራሱን ሊስት ይችላል፤ ራሱን ከሳተ ቃሉን መናገር አይችልም። ተከራከርኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሜ ካርቶን ተሸክሜ እውላለሁ አልኩት። አልሰማኝም። ይልቅ ሳንድዊች አቀረበልኝ፤ የአሳማ ሥጋ። በአንድ ጉርሻ ሁለት ኃጢአት! ትቼለት ወጣሁ። ቀጠሮው ለሁለት ሳምንት ተላለፈ።

ባቡር ላይ ነው የበረደልኝ። ሊሰቅለኝ እምቢ ያለ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። እምቢ ያለውም ቃሌ እንዳይጠፋበት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው መስደብ አልችልም። አሳማውን ግን አልረሳለትም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 30፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ተበጣብጠናል። እኔና አስቴር።

ቁርስ ስጪኝ አልኳት። በጾም ቀን፣ በጠዋት። አስቴር ማንኪያውን እንደያዘች ቀረች። አመመህ? አላመመኝም። ታዲያ? መዋሸት ሰለቸኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ መንጠቆውን፣ ክሬግን፣ ቀጠሮውን። ለምን እንደሆነ ግን ካፌ አልወጣም፤ አሁንም።

«ሰው ነህ ወይስ ሙክት? በመንጠቆ የሚሰቀለው ሥጋ ቤት ነው!» አለች። ለሜ. ደውላ የእብድ ገላጋይ ድንጋይ ያቀብላል ብላ ጮኸችባት። ለነፍስ አባታችን እናገራለሁ አለችኝ። ተናገሪ! ይስሙ! ከፈለጉ ንስሐ ይስጡኝ፣ እቀበላለሁ፤ መሄዴን ግን ማንም አያስቀረውም።

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንዴ ስንቅ አመላልሼልሃለሁ፣ ሁለተኛ አላመላልስም አለች። መኝታ ቤት ገብታ ዘጋች።

ይቺ ወጋችኝ። ግን አልቀርም። ያኔ የሰቀሉኝ ሳይጠይቁኝ ነው። ዛሬ ጠያቂው እኔ ነኝ። የትናንቱን ምስር ራሴ አሙቄ በዳቦ በላሁ። ሰዓቱን እንጂ ምግቡን አልሻርኩም። ሜ. መኪና ይዛ ውጭ ናት።

የዚያኑ ቀን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

በሆዴ ተኝቼ ነው የምጽፈው፤ በጀርባ መተኛት የለም።

ሠራ! ሠራ! ቃሉ ሠራ!

በሥርዓት ልጻፍ። ክሬግ ምን በላህ አለኝ። ምስር አልኩት። ጀርባዬን አጠበ፣ በእስክሪብቶ ምልክት አደረገ፣ ተንፍስ አለኝ። መንጠቆዎቹ ሲገቡ አመመኝ፤ አላመመኝም ብዬ ጀግና አልሆንም። ገመዱን ቀስ እያለ ሳበ። ቆዳዬ ተወጠረ፣ ተቃጠለ። ተረከዜ ተነሳ። ጣቶቼ ተነሱ። አየር ላይ ነኝ። ጭንቅላቴ ወደ ላይ ነው! የሜ. ጫማ ከታች ይታየኛል። አለቀስኩ፤ ላንተ ምን ያስዋሸኛል።

ብዙ ልቆይ አስቤ ነበር። ግን ያቺን ቃል መቼ ልናገራት እያልኩ መታገስ አቃተኝ። አልጮኽኩም። እንደ ሰው፣ በቀስታ፣ አውርዱኝ አልኩ።

ቃሏን ሳልጨርስ ወለሉን ረገጥኩ።

አላመንኩም። አንሱኝ አልኩት። ክሬግ ዓይኔን አየ፣ ሁለተኛ ጠየቀኝ፣ አነሳኝ። አውርዱኝ! ወረድኩ። እንደገና አንሱኝ። አውርዱኝ! ወረድኩ። ሳቄ መጣ፤ ክሬግም ሳቀ፤ ሜ. ታለቅሳለች ትስቃለች። ከዚያ ለቆዳህ ይበቃዋል አለኝ። እሺ አልኩ።

እናንተ ያኔ የገረፋችሁኝ፣ በሕይወት ያላችሁም የሞታችሁም፦ አፌ ውስጥ የጠቀጠቃችሁትን ቃል አውጥቼዋለሁ። ስንት ጊዜ እንዳሠራሁት ቁጠሩት።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 2፣ ከሰዓት በኋላ

ሥራ ደውዬ ቀረሁ። አስቴር ከቅዳሜ ጀምሮ አላናገረችኝም። ምግብ ታቀርባለች፣ ትወጣለች። ኩርፊያዋን አውቀዋለሁ፤ አልለምናትም ብዬ ወስኜ ነበር።

ቁስሉ መጠረግ አለበት። እጄ አይደርስም፤ ሜ. ትምህርት ላይ ናት። መስተዋት ፊት ስጠማዘዝ አስቴር ለብ ያለ ውኃና ጥጥ ይዛ ገባች። ተቀመጥ አለች። ተቀመጥኩ። ስድብ እየጠበቅኩ ነው። እጇ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ብዙ ቆየች።

ሜሮን ነግራኛለች አለች። ያኔም አውርዱኝ ትላቸው ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

እል ነበር አልኳት።

ጥጡ ጀርባዬ ላይ ቆመ።

«ስንቅ ይዤ በሩ ላይ ስቆም ጩኸት ይሰማኝ ነበር» አለች። «የሱ አይሁን፣ የሌላ ሰው ይሁን እያልኩ እጸልይ ነበር። ያንተ እንደነበረ እንዳትነግረኝ ፈርቼ ነው ያልጠየቅሁህ።»

 ይሄን ሁሉ ዘመን እኔን የፈራች መስሎኝ ነበር። እሷም እዚያው በር ላይ ቆማ ቀርታ ኖሯል። የሚያወርዳት አላገኘችም።

ውኃውን ልትደፋ ወጥታለች። አሁን ስትመለስ እነግራታለሁ፤ ከተያዝኩበት ቀን ጀምሬ፣ ምንም ሳላስቀር። በቃኝ ስትል አቆማለሁ፤ ቀጥል ስትል እቀጥላለሁ። አንተ ቆየኝ። ወንበር እየጎተተች ነው፣ መጣች።