የመንታይቱ መርከብ ጡሩምባ

እማማ፣ እንዴት ከረሙ? ለማንም ያልነገርኩትን ልነግርዎ ነው። ቀድሞ ደብዳቤዬን የሚጽፉልኝ ቄሱ ስለነበሩ አፈርኩ፤ አሁን ግን መጻፍ ራሴን አስተምሬያለሁ። የላኩልኝ ሹራብ እዚህ ሃሪች ወደብ ደርሶኛል። ላዩ ላይ «ለልጄ» የሚለውን ጽሑፍ አንብቤ፣ ሳልለብሰው መልሼ አጠፍኩት።

በጦርነቱ ጊዜ ልጅዎ፣ ባሌ ሩበን ታሞ እቤት ተኝቶ ሳለ ከወደቡ ጡሩምባ ተነፋ።

«ተነስ፣ መርከብህ እየጠራችህ ነው!» አልኩት።

«አንቺ ሴት፣ የእኛ አይደለችም፤ መንታዋ ናት።»

«ሰበበኛ! ጎረቤት ይሳቅብኝ?» አልኩት።

ሄደ። እውነትም መንታዋ ነበረች። አውዳሚ የሚባሉት ሁለቱ የጦር መርከቦች በአንድ ንድፍ የተሠሩ ናቸውና፣ እንደ እሱ ያለ የእንፋሎት ሞተር እሳት አንዳጅ የጎደላት ያቺ መርከብ ይዛው ወጣች፤ በባሕር ፈንጂም ተመትታ ከነእሱ ሰጠመች። የእሱ መርከብ ከወደብ አልተነቃነቀችም።

«በገዛ ፈቃዱ ሄደ» ያልኩዎ ውሸት ነው።

ሄቲ እህቴ፣ ለእናትሽ አንድም ቃል ሳታስቀሪ አንብቢላቸው። ጤናችሁን ይስጣችሁ።

ይድረስ ለሩበን እናት፣ ለወይዘሮ ዶርካስ ፔንግሊ፣ ሃሊፋክስ።